ደራሲና ባልንጀራው፤ የብሮንቴ እኅትማማች ታሪክ

(በሬዲዮ ከተነገረው)

ከሰው ልጅ የሥራ ዐይነት መካከል እንደ ድርሰት ብቸኝነትን የሚጠይቅ እጅግ ጥቂት ነው። አራሹ ደቦ ይጠራል፤ ነጋዴው ከገበያተኛ ጋራ ይውላል፤ የመንግሥት ሠራተኛም የቸገረውን ጉዳይ ከባልደረባው ጋራ ይመካከርበታል። ልብ ወለድ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ግን በሩን ዘግቶ፥ መብራቱን አብርቶ፥ ከወረቀቱና ከብዕሩ ጋራ ብቻውን ይቀመጣል። የሚጽፍላቸው ሰዎች በዓለም ላይ የሉም፤ እርሱ ብቻ ያያቸዋል፥ እርሱ ብቻ ይሰማቸዋል። አጭር ግጥም ቢሆን በአንድ ሌሊት ተጽፎ በማግሥቱ ለወዳጅ ሊነበብ ይችላል። ረጅም ልብ ወለድ ግን ዓመትም ሁለት ዓመትም ይፈጃል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ «ይህ የምደክምበት ነገር ዋጋ አለውን?» የሚል ጥርጣሬ ደራሲውን ሌሊት ሌሊት ይጎበኘዋል። ብዙ ጅምር ጽሑፍ በየመሳቢያው ተጥሎ የሚቀረው ደራሲው ዕውቀት አንሶት ሳይሆን ይህን ጥርጣሬ ብቻውን ሊቋቋመው ስላልቻለ ነው።

«አንድ እንጨት ብቻውን አይነድም» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ ታዲያ ለድርሰት ሥራም ይሆናልን? ወይስ ድርሰት ከዚህ ሕግ ውጭ ነው? ይህን በሐሳብ ብቻ ከመከራከር ታሪክን ብንጠይቅ ይሻላል። ስለዚህ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር በአንዲት ገጠር መንደር ከኖሩት ከሦስቱ የብሮንቴ እኅትማማች ሕይወት የተቻለንን ያህል እንመልከት። ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናሳስባለን።

አባታቸው ቄስ ፓትሪክ ብሮንቴ የአይርላንድ ተወላጅ ነበሩ። በ1820 በዮርክሻየር ክፍለ ሀገር ሃዎርዝ ለምትባል መንደር ቄስ ሆነው ሲሾሙ ባለቤታቸውንና ስድስት ልጆቻቸውን ይዘው ገቡ። ሃዎርዝ በተራራ ላይ የተቀመጠች፥ ሕዝቧ በዚያን ጊዜ ሱፍ በመፍተልና በመሸመን ይተዳደር የነበረ፥ በስተኋላዋ ዛፍ የሌለበት ነፋሻ ሜዳ የተዘረጋባት መንደር ናት። የቄሱ ቤት ፊቱን ወደ መቃብር ስፍራው መልሶ ተሠርቷል። በመንደሩ የሰው ዕድሜ እጅግ አጭር ነበር። በ1850 ስለ ጤና አጠባበቅ ምርመራ ያደረገው መሐንዲስ ቤንጃሚን ባቤጅ ከሚወለዱት ሕፃናት ከመቶ 41 የሚሆኑት ስድስት ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ በመግለጫው አስታውቋል።

ሞት የቄሱንም ቤት አልማረም። እናታቸው በ1821 ዐረፉ። በ1825 ደግሞ ሁለቱ ታላላቅ ልጆች ማሪያና ኤሊዛቤት ከአዳሪ ትምህርት ቤት ታመው ተመልሰው በጥቂት ሳምንት ልዩነት ሞቱ። የቀሩት አራት ናቸው፤ ሻርሎት፥ ወንድማቸው ብራንዌል፥ ኤሚሊና የሁሉ ታናሽ የሆነችው አን። የሚጠብቋቸውም አክስታቸውና ታቢ የምትባል አንዲት አሮጊት የቤት ሠራተኛ ነበሩ።

በጁን ወር 1826 አባታቸው ወደ ሊድስ ከተማ ወርደው ሲመለሱ ለብራንዌል ከእንጨት የተሠሩ 12 ወታደሮች አሻንጉሊት ገዝተውለት መጡ። ልጆቹ ተኝተው ስለ ነበረ ብራንዌል በማግሥቱ ጧት ሣጥኑን ይዞ ወደ እኅቶቹ በር ሄደ። ሻርሎት ከአልጋዋ ዘላ ወርዳ ከሁሉ የሚያምረውን አንሥታ ናፖሌዎንን ድል በነሣው በዌሊንግተን መስፍን ስም ሰየመችው። ብራንዌልም የራሱን ቦናፓርት አለው። ኤሚሊና አንም የየራሳቸውን መረጡ። በዚያን ጊዜ ሻርሎት የ10፥ አን የ6 ዓመት ልጅ ነበረች።

እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ ለእነዚህ ወታደሮች አገር ያስፈልጋቸዋል፥ ንጉሥ ያስፈልጋቸዋል፥ ጦርነትና ዕርቅ፥ ጋዜጣና መጽሐፍ ያስፈልጋቸዋል። ልጆቹ ይህን ሁሉ ፈጠሩላቸው። በምዕራብ አፍሪቃ ጠረፍ ላይ በሐሳባቸው አንድ ታላቅ ከተማ ቆረቆሩ። ለወታደሮቹ ቁመት እንዲመጥኑ ከክብሪት ቀፎ የማይበልጡ ትንንሽ መጻሕፍት እየሰፉ፥ የማተሚያ ፊደል በሚመስል ደቃቅ ጽሕፈት ይሞሏቸው ጀመር። በ1829 ብራንዌል ለወታደሮቹ ወርኃዊ መጽሔት አቋቋመ፤ ብዙም ሳይቆይ አዘጋጅነቱን ሻርሎት ተረከበችው። ከእነዚህ ትንንሽ መጽሔቶች አንዱ በ2019 በፓሪስ ከተማ ጨረታ ወጥቶ በ600,000 ዩሮ ተሽጦ ወደ ሃዎርዝ ተመልሷል። ዋጋው የሚያስደንቅ ቢሆንም ከዋጋው ይልቅ የሚያስደንቀው ሌላ ነው። ልጆቹ ገና ከመጀመሪያው የጽሕፈት ሥራን እንደ ጨዋታ፥ ያውም እንደ ማኅበር ጨዋታ አድርገው መማራቸው ነው። አንዱ የጻፈውን ሌላው ያነባል፤ አንዱ የገደለውን ሌላው ከሞት ያስነሣል። በኋላም በሁለት ተከፍለው ሻርሎትና ብራንዌል አንግሪያ የሚሉትን መንግሥት፥ ኤሚሊና አን ጎንዳል የሚሉትን ደሴት ታሪክ ለብዙ ዓመት ሲጽፉ ኖሩ።

ሻርሎት በ20 ዓመቷ ከቤት ውጭ ያለ ዳኛ ለመፈለግ ሞከረች። ለዘመኑ የመንግሥት ባለቅኔ ለሮበርት ሳውዚ ግጥሞቿን ልካ በ1837 መልስ አገኘች። መልሱም ስጦታ እንዳላት ቢመሰክርም ድርሰት የሴት ልጅ የሕይወት ሥራ ሊሆን እንደማይችልና እንደማይገባው የሚመክር ነበር። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ በቅንነት የጻፈው ነው። ነገር ግን ከሩቅ የሚፈርድ ሊቅ ከቅርብ የሚሰማን ባልንጀራ ሊተካ እንደማይችል ይህ ደብዳቤ ያስረዳናል። ሊቁ በዘመኑ ልማድ መዘነ። ባልንጀራ ግን የጽሑፉን ነገር ከመነሻው ስለሚያውቅ በሌላ ሚዛን ይመዝናል።

ከዚያ በኋላ እኅትማማቹ በአስተማሪነትና በሞግዚትነት ሥራ ተበታትነው ሰነበቱ። ሻርሎትና ኤሚሊ በ1842 ወደ ብራስልስ ሄደው ተምረዋል። በ1845 ግን ሦስቱም በአባታቸው ቤት እንደገና ተሰበሰቡ። በዚያው ዓመት በመጸው ሻርሎት ኤሚሊ ደብቃ የጻፈችውን የግጥም ደብተር በአጋጣሚ አግኝታ አነበበችው፤ ተደነቀችም። ኤሚሊ ግን ምስጢሯ ስለ ተደፈረ እጅግ ተቈጣች። ለማስታረቅ ብዙ ሰዓት፥ ይታተም ብሎ ለማግባባት ደግሞ ብዙ ቀን ፈጀ። በዚህ መካከል አን ምንም ሳትናገር የራሷን ግጥሞች አምጥታ «የኤሚሊን ካደነቅሽ የእኔንም ተመልከቺ» በሚል ሁኔታ አቀረበች። ከዚህ የምንረዳው የድርሰት ባልንጀርነት ሁልጊዜ በሰላም የሚመሠረት አለመሆኑን ነው። የተደበቀን ነገር ወደ ብርሃን ማውጣት ያሳምማል።

ግጥሞቹ በ1846 በራሳቸው ገንዘብ፥ በ31 ፓውንድ ከ10 ሺሊንግ ወጪ ታተሙ። ሴቶች መሆናቸው እንዳይታወቅ ስማቸውን ኩረር፥ ኤሊስና አክተን ቤል ብለው ለወጡ። ያን ያህል ገንዘብ የወጣበት መጽሐፍ በመጀመሪያው ዓመት የተሸጠው ሁለት ቅጅ ብቻ ነው። ለብቻው የሆነ ሰው ቢሆን በዚህ ተስፋ ቈርጦ ብዕሩን በሰቀለ ነበር። ሦስቱ ግን እያንዳንዳቸው ልብ ወለድ ታሪክ ለመጻፍ ተነሡ።

እዚህ ላይ የቤታቸውን ልማድ ማስታወስ ይገባል። ማታ በሦስት ሰዓት ግድም የቤተ ሰቡ ጸሎት ካለቀና አባታቸው ወደ መኝታቸው ከሄዱ በኋላ ሦስቱ እኅትማማች የስፌት ሥራቸውን ያስቀምጡና በምግብ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ተከታትለው መዞር ይጀምራሉ። እስከ አምስት ሰዓት ድረስ እየዞሩ የየታሪካቸውን አካሄድ ይነጋገሩ ነበር። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ደግሞ የጻፉትን እርስ በርሳቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡ ነበር። ይህን የምናውቀው የሻርሎትን የሕይወት ታሪክ በ1857 ካሳተመችው ከደራሲዋ ከኤሊዛቤት ጋስኬል ነው።

ይህ ልማድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአገራችን የቅኔ ቤት ሥርዓት ተማሪው ቅኔውን ሲቈጥር ከጓደኞቹ ርቆ፥ ዛፍ ተጠግቶ ብቻውን ያስባል። የቈጠረውን ግን በሆዱ ይዞ አይቀርም፤ ወደ መምህሩ ቀርቦ ይነግራል፥ ይታረማል፥ ጓደኞቹም ይሰሙታል። ብቸኝነቱና ጉባኤው እየተፈራረቁ አንዱ ሌላውን ይመግበዋል። በሃዎርዝም የሆነው ይኸው ነው። ቀን ቀን እያንዳንዷ ለብቻዋ ትጽፋለች፤ ማታ በጠረጴዛው ዙሪያ ጉባኤው ይቆማል።

ነገር ግን አንዷ የተናገረችውን ሌላዋ ሁሉ ትቀበል ነበር ብሎ የሚያስብ ቢኖር ተሳስቷል። ሻርሎት ለጋስኬል እንደ ነገረቻት የእኅቶቿ አስተያየት ጽሑፏን እንድትለውጥ ያደረጋት ከስንት አንድ ጊዜ ነው፤ የጻፈችው ነገር እውነት ሆኖ ይታያት ነበርና። ኤሚሊም «ዉዘሪንግ ሃይትስ» የተባለውን ታሪኳን ስታነብ ሰሚዎቿ ከጭካኔው የተነሣ እንቅልፍ እንደሚነሣቸው ቢነግሯት ነገሩን እንደ ማጋነን ትቈጥረው ነበር። ሻርሎትም በበኩሏ እኅቶቿን «የልብ ወለድ ባለታሪክ ሴት የግድ ቈንጆ መሆን አለባት ማለታችሁ ስሕተት ነው፤ እንደ እኔ መልከ ቀላልና ቁመተ አጭር የሆነች አምጥቼ ከእናንተ እኩል የምትወደድ አደርጋታለሁ» ብላ እንደ ተወራረደቻቸው ይነገራል። «ጄን ኤየር» የተወለደችው ከዚህ ክርክር ነው። እንግዲህ የባልንጀራ ጥቅሙ እሺ ማለቱ ብቻ አይደለም፤ ደራሲው ሐሳቡን የሚስልበት ሞረድ መሆኑ ጭምር ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ልብ ወለዶች አንድ ላይ ታስረው ከአሳታሚ ወደ አሳታሚ ተላኩ። በመጨረሻ ኒውቢ የተባለ አሳታሚ ደራስያኑ 50 ፓውንድ እንዲያዋጡ አድርጎ የኤሚሊንና የአንን ተቀበለ፤ «ፕሮፌሰሩ» የተባለውን የሻርሎትን ግን የሚቀበል ጠፋ። በኦገስት 1846 ሻርሎት አባቷን የዐይን ሞራ ለማስገፈፍ ወደ ማንቸስተር ወስዳቸው ሳለ፥ ቀዶ ጥገናው በተደረገበት ዕለት ያ ጽሑፍ እንደገና ተመልሶ መጣላት። አባቷ በጨለማ ክፍል ተኝተዋል፤ እኅቶቿ ሩቅ ናቸው፤ ሥራዋ ተንቋል። በዚያ ጊዜ «ጄን ኤየርን» መጻፍ ጀመረች። ስሚዝ ኤልደር የተባለው ማተሚያ ቤት «ፕሮፌሰሩን» ባይቀበልም በአክብሮት ምክንያቱን ዘርዝሮ ሌላ ሥራ እንድትልክ ስለ ጋበዛት አዲሱን ላከችለት፤ በኦክቶበር 1847 ታተመ። በዲሴምበር የኤሚሊና የአን «አግነስ ግሬይ» ተከተሉ። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተመከረባቸው ሦስት መጻሕፍት ናቸው፤ ግን አንዱ ሌላውን አይመስልም።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ደግሞ ልብ የሚነካ ነገር በ«ጄን ኤየር» ውስጥ አለ። ወላጅ አልባዋ ጄን በአዳሪ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ጓደኛዋን ሔለን በርንስን ስታገኛት ሔለን ተቀምጣ መጽሐፍ ታነብ ነበር። መጽሐፉም ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 ያሳተመው «ራስላስ» የተባለው የአቢሲንያ ልዑል ታሪክ ነው። ጆንሰን በወጣትነቱ የፖርቱጋሉን ቄስ የጀሮኒሞ ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ስለ ነበረ ስለ አገራችን ያነበበውን ይዞ ነበር ያን ታሪክ የጻፈው። ሔለን የተሳለችው በልጅነቷ በሞተችው በታላቂቱ እኅት በማሪያ አምሳል መሆኑን ሻርሎት ራሷ ተናግራለች። ስለዚህ በዚያ ገጽ ላይ የሁለት ብቸኛ ልጆች ወዳጅነት የሚጀመረው በኢትዮጵያ ስም በተጻፈ መጽሐፍ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ኀዘኑ እንግባ። ወንድማቸው ብራንዌል የጨዋታው መሥራች ቢሆንም በኋላ ከጉባኤው ወጥቷል። ሥዕልም፥ የባቡር ጣቢያ ሥራም፥ አስተማሪነትም አልሆንለት ብሎ ራሱን ለመጠጥና ለኦፒየም ሰጠ። እኅቶቹ መጻሕፍት ማሳተማቸውን ሳያውቅ እንደ ሞተ ሻርሎት ጽፋለች። በአንድ ጣራ ሥር እየኖሩ ከጓደኝነት መለየት እንዲህ ነው። ሴፕቴምበር 24 ቀን 1848 ሞተ። ዲሴምበር 19 ቀን ኤሚሊ በሳንባ ነቀርሳ ተከተለችው። ሜይ 28 ቀን 1849 አንም በዚያው በሽታ በባሕር ዳር ከተማ በስካርቦሮ ዐረፈች። በስምንት ወር ያህል ጊዜ ሦስት ሰው ከአንድ ቤት ወጣ።

ሻርሎት በዚያን ጊዜ «ሸርሊ» የሚባለውን ልብ ወለድ ጀምራ ሁለት ሦስተኛውን ጨርሳ ነበር። ከኀዘኑ በኋላ እንደገና ብዕር ስታነሣ የመጀመሪያውን ምዕራፍ «የሞት ጥላ ሸለቆ» ብላ ሰየመችው። ባለታሪኳን ሸርሊንም ኤሚሊ ጤናና ሀብት ቢኖራት ኖሮ ልትሆን ትችል በነበረው መልክ እንደ ሳለቻት ለጋስኬል ነግራታለች። በሕይወት ያጣቻትን ባልንጀራ በመጽሐፍ ውስጥ አቆየቻት።

የቤቱ ሠራተኛ ማርታ የተናገረችው ከሁሉ የበለጠ ያሳዝናል። ሦስቱ እኅትማማች በየማታው ሲዞሩ ትሰማ ነበር፤ ኤሚሊ ስትሞት ሁለቱ ቀጠሉ፤ አሁን ግን ሻርሎት ብቻዋን በጠረጴዛው ዙሪያ ስትዞር እግሯን በሰማች ቍጥር ልቧ እንደሚደማ ለጋስኬል አጫውታታለች። ሻርሎትም በ1852 «ቪሌት» የተባለውን መጽሐፍ ስትጽፍ አሳታሚዋን ጆርጅ ስሚዝን፥ አንዲት መስመር የምታነብለት፥ ምክር የምትጠይቀው ሰው እንደሌላት፥ «ጄን ኤየር» ግን እንዲህ ባለ ሁኔታ እንዳልተጻፈ በደብዳቤ ገልጻለታለች። ስሟ በመላው እንግሊዝ ገንኖ ሳለ የናፈቃት ገንዘብም ምስጋናም አልነበረም፤ የሚሰማት ጆሮ ነበር።

ይሁን እንጂ መጻፏን አላቋረጠችም። ከማተሚያ ቤቱ አንባቢ ከዊልያምስ ጋራ በደብዳቤ ስለ መጻሕፍት ትመካከር ነበር፤ ማተሚያ ቤቱም በሣጥን እየሞላ መጻሕፍት ይልክላት ነበር። ከ1850 ጀምሮ ከጋስኬል ጋራ ተወዳጀች። በጁን 1854 የአባቷን ረዳት ቄስ አርተር ቤል ኒኮልስን አገባች። በዚያው ዓመት መጨረሻ አንድ ማታ የጀመረችውን አዲስ ልብ ወለድ ለባለቤቷ አነበበችለት። እርሱም እንደገና ስለ ትምህርት ቤት በመሆኑ ተቺዎች ደገመችው እንዳይሉ እንደሚሰጋ ነገራት። እርሷም ደስ እስኪላት ድረስ ሁለት ሦስት ጊዜ መጀመር ልማዷ እንደ ሆነና እንደምትለውጠው መለሰችለት። ጉባኤው በሁለት ሰው ሊቆም ጀምሮ ነበር። ግን ማርች 31 ቀን 1855 በ38 ዓመቷ ስለ ሞተች ያ ታሪክ ጅምር ሆኖ ቀረ።

ክቡራን አንባብያን፤ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ብዙ ነው። መጀመሪያ፥ ባልንጀራ ማለት ጽሑፉን የሚጽፍልን ሰው አይደለም፤ ብቸኝነቱ የደራሲው ድርሻ ነው፥ ማንም አይወስድለትም። ባልንጀራ ግን ብቸኝነቱ ወደ ተስፋ መቍረጥ እንዳይለወጥ ይጠብቀዋል። ሁለተኛ፥ ባልንጀራ ሁልጊዜ ትክክለኛ ዳኛ አይደለም። ሻርሎት የአንን ሁለተኛ መጽሐፍ፥ በ1848 የወጣውን «የዋይልድፌል ሆል ተከራይ» አልወደደችውም፤ ከአን ሞት በኋላም እንደገና እንዳይታተም መክራለች። ዛሬ ግን መጽሐፉ ከዘመኑ ደፋር ሥራዎች አንዱ ሆኖ ይቈጠራል። አን ታላቅ እኅቷን እየወደደች፥ ምክሯንም እየሰማች፥ በሐሳቧ መጽናቷ መልካም ሆነ። ሦስተኛ፥ ይህ ማኅበር ብዙ ሰው፥ ሹመትና መተዳደሪያ ደንብ አላስፈለገውም። ሦስት ሰው፥ አንድ ጠረጴዛና የታወቀ ሰዓት ነው ያስፈለገው።

በየመሥሪያ ቤቱ ቀን በመዝገብና በደብዳቤ ሲደክሙ ውለው ማታ በየቤታቸው ልብ ወለድ የሚጽፉ ወገኖች አሉ። ለእነዚህ የምናቀርበው ምክር ቀላል ነው። የጻፋችሁትን ደብቃችሁ አታኑሩ። የምታምኑትን አንድ ሰው፥ ቢገኝም ሁለት ሰው ምረጡ። በሳምንት አንድ ማታ ወስኑና ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡለት፤ ዐይን የሸሸገውን ስሕተት ጆሮ ያጋልጠዋልና። ሲተች አትቈጡ፤ ሲያመሰግንም አትታበዩ። ከዚያ በኋላ ወደ ክፍላችሁ ተመልሳችሁ ልባችሁ ያመነበትን ጻፉ። እናንተም በተራችሁ የሌላውን ጅምር በትዕግሥት ስሙ፤ ሳይሰሙ መሰማት አይገኝምና።

የሃዎርዙ ቤት ከ1928 ጀምሮ ቤተ መዘክር ሆኗል፤ ያ ጠረጴዛም ከብዙ ዘመን በኋላ በ2015 ወደ ቦታው ተመልሷል። ሊጐበኙት የሚሄዱ ሰዎች የሚያዩት በቀለም የነጠበና በመቃጠል የጠቆረ ተራ የእንጨት ጠረጴዛ ነው። እንዲህ ያለ ጠረጴዛ ደግሞ ከእያንዳንዳችን ቤት አይጠፋም።